ለሹሩቅ የጠፋው ቦታ

ወጅዳን ወሬውን የሰማችው የታኬታዋን ማሰሪያ እያጠበቀች ሳለ ነው። የቡድኑ አስተባባሪ ቡሽራ ወደ መልበሻ ክፍሉ ገባች፤ በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችና ማንንም ዓይን ዓይኑን ሳታይ፣ "የዘንድሮ ምዝገባ አልቋል። ሹሩቅ አልገባችም" አለች።

ክፍሉ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ አልሰሟትም፤ ቢሰሟትም ዐረብኛውን አያውቁትም። ብራዚሎቹ ዘፈን ከፍተው ይወዛወዛሉ፤ ናይጄሪያዊቷ ተከላካይ ጉልበቷን በፋሻ ትጠመጥማለች፤ ሁለቱ ፈረንሳዮች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል።

"አልገባችም ማለት ምን ማለት ነው?" አለች ወጅዳን። "አምና ከኔ በላይ ጎል ያገባችው ሹሩቅ? ወይስ የማላውቃት ሌላ ሹሩቅ አለች?"

"ቦታ የለም ተባለ። የውጭ ተጫዋች ቦታ ሞልቷል።"

"ሹሩቅ የውጭ ተጫዋች ናት?"

ቡሽራ ትከሻዋን ሰበቀች። "ወረቀቷ የቻድ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ? ሕጉን እኔ አላወጣሁት።"

"አንቺ ሴት፣ ጅዳ አይደል እንዴ የተወለደችው! እንኳን ቻድን እዚሁ አጠገባችን ያለችውን ጣኢፍን አይታ አታውቅም!"

"እኔ ላይ አትጩሂ። ዳይሬክተሩን፣ ኢንጂነሩን ንገሪያቸው።"

ወጅዳን የአንድ እግሯን ማሰሪያ ሳትቋጥር ተነስታ ወጣች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሹራዕ ክለብ የሴቶች ቡድን አምበል ናት፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ቡድኑን ከምንም ያነሳችው እሷ ናት። ይህንን በክለቡ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የማያስታውሰው ግን ብዙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሴት ልጅ ስታዲየም ገብታ ጨዋታ ማየት እንኳ በማትችልበት ዘመን፣ ወጅዳንና ስምንት ጓደኞቿ ከጅዳ ሰሜን፣ ኡብሑር አጠገብ፣ ከአንድ የሠርግ አዳራሽ ጀርባ ያለውን ግቢ ይከራዩ ነበር። ግንቡ ረጅም ነው፤ ማንም አያያቸውም። ሠርግ በሌለበት ከሰዓት በኋላ ይገቡና አባያቸውን አውልቀው፣ በተደራረቡት የሠርግ ወንበሮች ላይ ጥለው፣ በሲሚንቶው ላይ ኳስ ይራገጣሉ። ኳሱ ግንቡን ካለፈ አለፈ ነው። ወጥቶ ኳሱን ስጡን የሚል የለም፤ "የኛ ነው" ማለት የማይቻል ነገር ነበርና። ስለዚህ ኳስ ያዋጣሉ፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ያዋጣሉ።

የወጅዳን እናት ለጎረቤት "ልብስ ስፌት እየተማረች ነው" ትል ነበር። ውሸቱ ለአንድ ዓመት ሠራ። በኋላ ግን አንዷ ጎረቤት "እንግዲያው ለልጄ ሠርግ ቀሚስ ትስፋልኝ" ብላ ጨርቅ ይዛ መጣች። እናትየው ጨርቁን ተቀበለች፤ ከአሮጌው ከተማ ገበያ የተዘጋጀ ቀሚስ ገዝታ፣ ያምርም አያምርም፣ "ልጄ የሰፋችው ነው" ብላ ሰጠች። ጎረቤትየዋ ቀሚሱን ወዳው ለእኅቷም አዘዘች። በእርግጥ ያ ዓመት ለእናትየው ኪስ ክፉ ዓመት ነበር።

ሹሩቅ የመጣችው በዚያው ግቢ በኩል ነው። አንድ ቀን እንደልማዱ ኳሱ ግንቡን አለፈ። ሴቶቹ "በቃ ሄደ" ብለው ሊበተኑ ሲሉ ኳሱ ተመልሶ መጣ። እንዲያው ዝም ብሎ ተወርውሮ አይደለም፤ ከግንቡ በላይ ከፍ ብሎ፣ አየር ላይ ታጥፎ፣ መሐላቸው ወረደ። ወጅዳን ሮጣ በሩን ከፈት ስታደርግ፣ የወንድሟን ካናቴራ የለበሰች ቀጭን ጥቁር ልጅ ቆማለች። ከኋላዋ አባቷ፣ ተጠርቶ የመጣበትን የአንድ የጭነት መኪና ጎማ እየለጠፈ ነው።

"ማን ነው የመታው?"

"እኔ።"

"በየትኛው እግርሽ?"

"በግራ። ቀኙን ጫማው ያመኛል።"

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ ገና በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ጋር ለሐጅ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው፤ በደቡብ ጅዳ፣ ካራንቲና በሚባለው ሰፈር ጎማ ይለጥፋል። ሹሩቅ ከተማዋን እንደ ኪሷ ታውቃታለች፤ የወደብ ልጆች ስድብ አንድም አይቀራትም። ወጅዳን በታክሲ እየተመላለሰች ወደ ልምምድ ታመጣት ጀመር። ቅጣት ምት አስተማረቻት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሹሩቅ መልሳ ታስተምራት ነበር።

ዘመኑ ተለወጠ፤ የሴቶች ሊግ መጣ። የከተማዋ ትልቅ ክለብ ሹራዕ ቡድኑን ከነስሙ፣ ከነተጫዋቾቹ፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሠለጥኑት ትንንሽ ልጆች ጋር ወሰደው። ወጅዳን በፈረመችበት ቀን አልቅሳለች፤ እናቷም ለጎረቤቶቿ ሁሉ፣ ቀሚስ ላዘዘችው ጭምር፣ እውነቱን ተናገረች። በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ ውስጥ የውጭ ተጫዋቾች ጥቂት ነበሩ፤ ጥሩም ነበር፣ ከእነሱ ብዙ ተማሩ። ቀጥሎ ኢንጂነር ሃታን ዳይሬክተር ሆኖ መጣ፤ በሁለት ዓመት ዋንጫ አመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነው የመጣው። ሰባቱ የውጭ ቦታዎች ሰባቱም ሞሉ። የሀገር ልጆች አንድ በአንድ ወደ ተቀያሪ ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ ደጋፊ መቀመጫ፣ ከዚያም ወደ ቤታቸው ሄዱ። በክለቡ የኋላ ሜዳ የነበረው የትንንሾቹ ልምምድም "ለጊዜው" ተብሎ ተዘጋ። ሹሩቅ ግን ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመት ሞላት፤ ተቀይራ ስትገባ እንኳ ሰው ከመቀመጫው ይነሳላት ነበር። ከእንግዲህ እሷም የለችም።

የሃታን ቢሮ ቀዝቃዛ ነው። ሰውየው ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ፤ እንደሁልጊዜው ፈገግታው ፊቱ ላይ አለ።

"ካፒቴን ወጅዳን! ግቢ፣ ግቢ። ሻይ ይምጣልሽ?"

"አልፈልግም። ሹሩቅን ለምን አስወጧት?"

"አላስወጣናትም፤ አላስመዘገብናትም። ልዩነት አለው።"

"ለእሷ ምን ልዩነት አለው?"

"ተቀመጪ እስቲ። ሰባት ቦታ ነው ያለኝ። ሰባቱንም ዋንጫ ለሚያመጡልኝ ሰጠሁ። ብራዚላዊቷ ታይናራ ባለፈችበት ሁሉ ጎል አግቢ ናት። ያቺ ልጅ ገና ናት፤ ዛሬ ታበራለች፣ ነገ ደግሞ አትገኝም።"

"እዚሁ ለተወለዱ የውጭ ዜጎች የተተወች አንዲት ቦታ አለች አይደል? አምና የተጫወተችባት?"

"ነበረች። ከሪያድ ላመጣናት ግብ ጠባቂ ሰጠናት። ልምድ ያላት ናት።"

"ሹሩቅ ካልተጫወተች ልምዱን ከየት ታምጣው? ከጎማ ለጣፊው ቤት?"

ሃታን ሳቅ አለ። "ተጫዋች ማሳደግ ዓመታት ይፈልጋል። ለኔ ዓመታት አልተሰጠኝም።"

"ከእርስዎ ቀጥሎ የሚመጣውም ይህንኑ ይላል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። ታዲያ ማን ያሳድግ?"

"ትምህርት ቤት አለ፣ ቤተሰብ አለ። እኔ ችግኝ ጣቢያ አይደለሁም፣ ካፒቴን።"

"ትንንሾቹስ? የኋላውን ሜዳ ለምን ነጠቋቸው?"

"ሣሩ እንዲያርፍ ነው።"

"ሣሩ?" ወጅዳን ድምጿ ከፍ ሲል ለራሷም ተሰማት። "እነዚያ ልጆች ሁሉም ቢደመሩ የእርስዎን አንድ ተከላካይ አይከብዱም! ሣሩ ከእነሱ ነው የሚያርፈው?"

"ቀልድሽ ደስ ይላል" አለ ሃታን። "አሁን ልምምድ አለሽ፤ ሰዓት አሳልፈሻል። ይህንን ሌላ ሰው ቢሆን እቀጣው ነበር።"

ያናደዳት እምቢታው ብቻ አልነበረም። ሰውየው አንዴም ድምፁን ከፍ አለማድረጉ፣ ይህንን ሁሉ እየተናገረ ፈገግታው ከፊቱ አለመጥፋቱ፣ ስትወጣም በሩን ራሱ ከፍቶ መሸኘቱ ነው። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ከልምምድ በኋላ ታይናራ ላቧን እየጠረገች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ቋንቋውን ከቡድኑ ሹፌርና ከሱቅ ሻጮች ለቃቅማ፣ ሴቱንም ወንዱንም አንድ አድርጋ ትናገረዋለች።

"ካፒታ፣ አንቺ እኔን ጠልቷል?"

ወጅዳን ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው። "አንቺን አይደለም።"

"እኔ ሀገር፣ ሴት ኳስ፣ ገንዘብ የለም። እናት ታመመ። እኔ መጣ።"

"አውቃለሁ ታይናራ። ባንቺ አልፈርድም።"

"ትንሿ፣ ግራ እግር…" ታይናራ ጣቶቿን ሰብስባ ሳመቻቸው። "እሷ ኳስ ይሰጣል፣ እኔ ያገባል። ከሷ ጋር ብዙ ጎል።"

"ይህንን ለኢንጂነሩ ብትነግሪያቸው ጥሩ ነበር።"

"ነገረ" አለች ታይናራ። "እሱ ሳቀ።"

የውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ ከአንድ የሪያድ ክለብ ጋር በሜዳቸው ነበር። ወጅዳን ከቡድኑ ጋር በአውቶቡስ ስትመጣ፣ ስታዲየሙ ገና ከሩቅ ሲታይ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አየችው። ከጣሪያው እስከ መግቢያው የሚደርስ ግዙፍ ሸራ ነው። ላዩ ላይ ሹሩቅ ናት። ፀጉሯ ወደ ኋላ ታስሯል፣ ኳሱ ከግራ እግሯ ሥር ነው፣ ዓይኗ ሩቅ ያያል። ከታች በትልቁ "ነገ የኛ ናት" የሚል ተጽፏል፤ ከጥጉ የክለቡ ዓርማ፣ ከዓርማው ጎን የስፖንሰሮቹ። ፎቶውን ያነሷት አምና ነው፤ ወጅዳን ያን ቀን አብራት ነበረች፤ ልጅቷ ከንፈሯን እንድትቀባ አስተምራታለች።

አውቶቡሱ ወደ ተጫዋቾች በር ሲታጠፍ ደግሞ እውነተኛዋን ሹሩቅን አየቻት። ከሸራው ሥር፣ በአባያዋ ላይ የክለቡን ጃኬት ደርባ፣ ከዘበኛው ጋር ትነጋገራለች። ዘበኛው ራሱን ይነቀንቃል።

"አቁመው!" አለች ወጅዳን ሹፌሩን።

"ውስጥ ነው የሚቆመው…"

"አቁመው አልኩህ!"

ወርዳ ስትደርስ ሹሩቅ አልቅሳ አልነበረም፤ ተናዳ ነበር። "አብላ፣ ቡሽራ ከተቀያሪዎች ወንበር ጀርባ ሆነሽ ማየት ትችያለሽ ብላኝ ነበር" አለች። ወጅዳንን ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ታላቅ እኅት፣ እንደ አስተማሪ አብላ ነው የምትላት። "ካርዴ አይሠራም።"

ዘበኛው ዕድሜው የገፋ፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነው። "የኔ ልጅ፣ ማሽኑ ቀይ አበራ። ቀይ ካበራ አላስገባም፤ የታዘዝኩት ይህንን ነው።"

"አጎቴ፣ ቀና ይበሉ እስቲ። ከላይ ያለችው ማን ናት?"

ሰውየው ሸራውን አየ፤ ሹሩቅን አየ፤ ደግሞ ሸራውን አየ።

"ወላሂ እሷ ናት" አለ።

"ታዲያስ?"

ሰውየው አፈረ። "ማሽኑ ግን ቀይ ነው።"

በዚህ መሐል ሃታን ከውስጥ መጣ፤ ቡሽራ ከኋላው ትሮጣለች። ካሜራ የያዙ ሁለት ሰዎች በሩ አጠገብ ቆመው ነበርና ሃታን አስቀድሞ እነሱን በፈገግታ ሰላም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ካፒቴን፣ ምን እየሆንሽ ነው? ሰውነትሽን የምታሟሙቂበት ሰዓት ነው" አላት።

"እሷ ስትገባ እገባለሁ።"

"ይህ በር ለተመዘገበ ተጫዋች ነው። ሹሩቅም የቤተሰባችን አባል ናት፤ በደጋፊዎች በር ትግባ። ቲኬቱን እኔ እችላለሁ።" ቦርሳውን አወጣና ሃምሳ ሪያል ዘረጋላት።

ሹሩቅ ገንዘቡን አየችው። እጇን አልዘረጋችም።

"ፊቴን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ፣ እኔን በሃምሳ ሪያል?" አለችው።

ሃታን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ከፊቱ ወረደ። "ልጅ ነሽ፣ አልፈርድብሽም" አለና ወደ ወጅዳን ዞረ። "አንቺ ግን ትልቅ ሰው ነሽ። ግቢ።"

ወጅዳን በጃኬቷ ኪስ ያለውን የአምበል የክንድ ማሰሪያ አወጣች። ለስንት ዓመት በሕልሟ ያየችው ነገር ነው። ሃምሳ ሪያሉ ላይ አድርጋ በሃታን እጅ አስጨበጠችው።

"ይኸው። ከሰባቱ ለወደድካት ስጣት።" እርስዎ ማለቱን ትታዋለች፤ እሱም አስተውሏል። "እኛ ግንብ ውስጥ ተደብቀን ስንጫወት አንተ የት ነበርክ? ኳስ ስንገዛ የት ነበርክ? የሠራነውን ቤት ወሰድክ፣ ስሙን ወሰድክ፣ የልጅቷን ፊት ወሰድክ። አሁን ደግሞ ባለቤቶቹን በደጋፊ በር ግቡ ትለናለህ!"

"ካፒቴን፣ ካሜራ አለ።"

"ይኑር!"

የሹሩቅን ክንድ ይዛ ሄደች። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ታይናራ ፊቷን ከመስታወቱ ለጥፋ ስታያት ነበር። ወጅዳን በማሊያዋ ላይ አባያዋን ደረበች፤ በደጋፊዎች በር ተሰልፈው፣ እንደ ማንም ሰው ከፍለው ገቡ። በኮምጣጤ የራሰ ሽምብራ ገዝተው ከጎሉ ጀርባ ተቀመጡ።

ወጅዳን በልቧ አንድ ነገር ጠብቃ ነበር፤ ለማንም ባትናገረውም። ሰው "አምበሏ የት ሄደች?" ብሎ ይጮኻል፣ ቡድኑ ይደናገራል፣ ይሸነፋል ብላ ነበር። ከኋላቸው ሁለት ልጆች ይዛ የተቀመጠች አንዲት ሴት አውቃት "አንቺ ወጅዳን አይደለሽም? ተጎዳሽ እንዴ?" ብላ ጠይቃታለች። ከዚያ በቀር ማንም አልጠየቀም። ሹራዕ አራት ለባዶ አሸነፈ። ታይናራ ብቻዋን ሦስት አገባች። አሰልጣኙ በወጅዳን ቦታ ያሰለፋት ፈረንሳዊት እንደ ሰዓት ትሠራ ነበር። ወጅዳን ሽምብራው አፏ ውስጥ አሸዋ ሆነባት። ያን ያህል ዓመት የለፋችበት ቡድን ያለሷ አንድም ነገር አልጎደለበትም። ሃታን ይህንን ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ንዴቷን ያባሰው ይህ ነው።

ሹሩቅ ደግሞ ታይናራ ሦስተኛውን ስታገባ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ አጨበጨበች።

"ምን ሆነሻል?" አለቻት ወጅዳን።

"ጎሉ ቆንጆ ነዋ አብላ! ምን ላድርግ?"

ሲወጡ ከሸራው ሥር ትንንሽ ሴት ልጆች ተሰብስበው ፎቶ ይነሱ ነበር። አንዷ ሹሩቅን አወቀቻት፤ ሁሉም ጮኸው ከበቧት። ሹሩቅ ከራሷ ምስል ሥር ቆማ ከእያንዳንዳቸው ጋር ፎቶ ተነሳች።

"ዛሬ ለምን አልተጫወትሽም?" አለቻት አንዷ። "መቼ ነው የምትጫወቺው?"

ሹሩቅ ከላይ የተጻፈውን ቀና ብላ አየች። "ነገ" አለቻት።

ልጅቷ እውነት መስሏት "ነገ ጨዋታ አለ!" እያለች ወደ እናቷ ሮጠች። ወጅዳን ፊቷን አዞረች፤ ሹሩቅ ሳታለቅስ እሷ ማልቀስ አልፈለገችም።

ክለቡ ውሏን ያፈረሰው በማግስቱ በስልክ ነው። የደወለችው ቡሽራ ነበረች፤ "እኔን አትጥዪኝ" አለች፤ ወጅዳንም "አንቺንም አልጠላም፤ ግን ዝም ማለትሽን አልረሳውም" አለቻት። የድሮ ጓደኞቿን ሰብስባ ቡድናቸውን በድሮ ስሙ፣ የባሕር ልጆች ብለው፣ እንደገና ሊያቋቁሙ ሲነሱ ሌላ ነገር ገጠማቸው። ስሙ በሕግ የክለቡ ሆኗል፤ ማሊያ ላይ ቢጽፉት ይከሰሳሉ። ዘጠኙ ሴቶች በአንዷ ሳሎን ተሰብስበው ያወጡትን ስም! አንዷ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት፣ አንዷ ባንክ ትሠራለች፤ ያን ዕለት ግን ሁሉም እንደ ወደብ ልጆች ተሳደቡ።

ስም የሌለው ቡድን ጀመሩ። የሠርግ አዳራሹ ፈርሶ የመኪና መሸጫ ሆኗል፤ ስለዚህ ካራንቲና አጠገብ፣ ከሹሩቅ አባት ሱቅ ብዙም የማይርቅ ባዶ ቦታ አገኙ። ከኋላው ሜዳ የተባረሩት ትንንሾቹ መጡ፤ ሌሎችም የሰፈሩ ልጆች ተጨመሩ። ወጅዳን ጠዋት ኢንሹራንስ ቢሮ ትሠራለች፣ ከሰዓት በኋላ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አቧራው ውስጥ ትቆማለች። ሹሩቅ ለትንንሾቹ ታሳያለች፣ ከእነሱ ጋር ትሮጣለች፤ ግን ሁሉም ያውቀው ነበር። ያ ግራ እግር ከሕፃናት ጋር እየተራገጠ ሊቆይ አይችልም።

በዓመቱ መጨረሻ ሹራዕ ዋንጫውን አነሳ። ሃታን በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ "ይህ ድል የሀገራችን ሴት ልጆች ድል ነው፤ ለመጪው ትውልድ መሠረት ጥለናል" አለ። ወጅዳን ነጠላ ጫማዋን ወርውራ ስክሪኑን መታችው።

"ቴሌቪዥኑ ምን አጠፋ!" ብላ እናቷ ጮኸች።

"ሰማሽው እማ? መሠረት ጣልን ይላል! የጣለው እኛን ነው!"

"ሰማሁት። ሁለተኛውን ጫማ ግን ስጪኝ።" እናትየው ጫማውን ተቀብላ ከሶፋው ሥር ደበቀችው፤ ሃታን ቃለ መጠይቁን ገና አልጨረሰም ነበር።

ሳይቆይ ሃታን ወደ ሌላ፣ ከዚያ ወደሚበልጥ ክለብ ተሾመ። ከሰባቱ ተጫዋቾች አምስቱ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፤ ታይናራም ከሄዱት ናት። ልትሰናበት አቧራማው ሜዳ ድረስ መጥታ የራሷን ታኬታ ለሹሩቅ ሰጠቻት፤ በጣም ሰፋት። አዲሱ ዳይሬክተርም አዲስ ሰባት አስመጣ። ሸራው ግን አልወረደም። ፀሐይ እየበላው፣ የሹሩቅ ፊት እየነጣ፣ እዚያው ተሰቅሎ ከረመ።

ሹሩቅን እንድትጫወትለት የጠየቃት በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በዐማን ያለ ክለብ ነው። አሰልጣኙ ለሹራዕ ስትጫወት አይቷት ነበር። አባቷ መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ከዚያ ወጅዳን ሱቁ ደጃፍ በተገለበጠ ጎማ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አነጋገረችው።

"እዚህ የተወለደች ልጅ" አለ ሰውየው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "እኔ እዚህ ያረጀሁ። ለመጫወት ሰው ሀገር መሄድ አለባት?"

በመጨረሻ ግን ሹሩቅን ራሱ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሸኛት።

ሹሩቅ ከሄደች በሁለተኛው ወር አካባቢ፣ ወጅዳን ልጆቹን በሁለት ከፍላ እያጫወተች ሳለ ስልኳ ጠራ።

"አብላ! አስጀመሩኝ። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ!"

"አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ድምፅሽ ለምን እንዲህ ሆነ? ተሸነፋችሁ?"

"አሸነፍን። አንድ አገባሁ።" ሹሩቅ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አብላ፣ በኔ ቦታ ትጫወት የነበረች ልጅ አለች። በግራ እግሯ ነው የምትመታው፣ እንደኔ። የዚሁ የስታዲየሙ ሰፈር ልጅ ናት። እኔ ስመጣ እሷን ወንበር ላይ አስቀመጧት። ልምምድ ላይ ኳስ አታቀብለኝም። ዛሬ መልበሻ ክፍል ውስጥ ለጓደኛዋ 'ይቺ የውጭዋ' ስትል ሰማኋት።"

ወጅዳን አንገቷ ላይ ያለውን ፊሽካ ጨበጠች። ለአንድ ዓመት ሙሉ ንዴቷ አድራሻ ነበረው፤ ሃታን ነበር፣ ፈገግታው ነበር። ዐማን ያለችው ልጅ ማታ ማታ ማንን እንደምትጠላ አሰበች። የምትጠላት ሹሩቅን ነው። የጎማ ለጣፊውን ልጅ፣ በየሄደችበት የውጭ የምትባለውን።

"ስሟ ማን ነው?" አለች።

"የማን?"

"የልጅቷ።"

"አልጠየቅኳትም።"

"ጠይቂያት! ከዚያ አሰልጣኙ ጋ ሂጂና 'እኔ ስለመጣሁ ለምን ትቀመጣለች?' በይው።"

"አብላ፣ እሷን ካስገባ እኔን ቢያስወጣኝስ? እኔ የምሄድበት ሌላ ሀገር የለኝም።"

"ሁለታችሁንም ያስገባ! በአንድ ሜዳ አንድ ግራ እግር ብቻ ይበቃል ያለው ማን ነው? እኛስ ስንት ሆነን ነው በዚያች ሲሚንቶ ላይ የተጫወትነው? እዚህ ያደረጉብንን እዚያ እነሱ ሲያደርጉት ዝም ብለሽ እንዳታዪ! ዝም ካልሽ ከቡሽራ በምን ትለያለሽ? ትሰሚኛለሽ?"

"እሰማሻለሁ፤ ዐማን ሙሉ ይሰማሻል" አለች ሹሩቅ፤ በእንባም በሳቅም መሐል ነበረች። "እሺ። እጠይቃታለሁ። ነገ ልምምድ አለን።"

"ዛሬ ጠይቂያት። ሳትወጣ ያዢያት።"

ወጅዳን ስልኩን ዘጋች። ቀና ስትል ልጆቹ ጨዋታውን አቁመው፣ አቧራው ላይ ቆመው፣ አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል።

"ምን አቆማችሁ?" አለቻቸው። "ኳሱ እኮ እዚያ ነው!"